ግጥም ለመጻፍ የት ልደበቅ? ከፈረንጅ ገና እስከ እኛ ገና የሞከርኳቸው ቦታዎች ሲወዳደሩ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ገና ሁለቴ ነው የሚመጣው። የፈረንጁ ዲሴምበር 25፣ የኛው ጃንዋሪ 7፣ መሃሉ ላይ ደሞ ኒው ይር አለ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የላቸውም፣ ከዳላስ ከአትላንታ ዘመድ ይመጣል፣ ቤዝመንቱ ይያዛል፣ ሳሎን ፍራሽ ይነጠፋል፣ ቲቪው ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት አይጠፋም። እኔ ደሞ ዓመቱን ሙሉ "ኦፍ ሳገኝ እጽፈዋለሁ" እያልኩ ስልኬ ላይ ያጠራቀምኩት የስንኝ ቁርጥራጭ አለ። ኦፉ የሚገኘው ያኔ ነው፣ ቤቱ የሚሞላውም ያኔ ነው።

ደሞ በኛ ቤት "ትንሽ ብቻዬን መሆን ፈልጌ ነው" ማለት በሽታ እንደማሳወቅ ነው። የባለቤቴ እህት ወዲያው "ማነው ያስቀየመሽ? እኔ ነኝ እንዴ?" ትላለች፣ እማዬ ከአዲስ አበባ ደውላ "ምን ሆንሽብኝ ልጄ፣ ጠበል አትጠመቂም?" ትላለች። "ግጥም ልጽፍ ነው" ካልኩ ደሞ ይስቁና ቡናውን ማን ያፈላል ብለው ይጠብቁኛል። የዛሬ ሁለት ዓመት "ጸሎት ላደርስ ነው" ብዬ መኝታ ቤት ገባሁ። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፣ ልጆቹን ሳይቀር "እሽሽ፣ ማሚ እየጸለየች ነው" እያሉ ዝም አሰኙልኝ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ጻፍኩ። ንስሐ ገብቼበታለሁ፣ ስለዚህ እንደ አማራጭ አልቆጥረውም፣ ግን እንደሚሠራ እወቁት።

ወደ ቦታዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር እንለይ። ጸጥታና ብቻ መሆን አንድ አይደሉም፣ እኔ ይሄን እስካውቅ ሦስት ገና አልፎኛል። ላይብረሪ ጸጥታ አለው፣ ብቻችሁን ግን አይደላችሁም፣ ድምፅ ብታወጡ ሰው ዞሮ ያያችኋል። መኪና ውስጥ ብቻችሁን ናችሁ፣ ጸጥታ ግን የለም፣ አውቶብስ ያልፋል አምቡላንስ ያልፋል። በአማርኛ ለሚገጥም ሰው ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም፣ ምክንያቱም የኛ ግጥም የሚለካው በአፍ ነው። የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ዓይነት ስትጽፉ ስንኙ ሁለት ሐረግ አለው አይደል፣ ስድስት ስድስት ቀለም (ቀለም ማለት ስናነብ አፍ የሚቆጥረው ድምፅ ነው)፣ በድምሩ 12። አምና በረዶ ጥሎ ባደረ አንድ ጠዋት ይቺን ጻፍኩ፦

በረዶ ሲለብስ የሰው አገር ሜዳ፣
የእናቴን ጋቢ ነው ያየሁት ማለዳ።

በዓይኔ ስቆጥራት ሁለተኛዋ ሰባት መጣችብኝ፣ የ፣ እ፣ ና፣ ቴን፣ ጋ፣ ቢ፣ ነው። ላይብረሪ ነበርኩ፣ ግማሽ ሰዓት ቃል ስቀያይር ቆየሁ፣ "የእማን" አልኩ፣ "ነው"ን አወጣሁ፣ ምንም አልጥም አለኝ። በኋላ ወደ መኪናዬ ሄጄ ጮክ ብዬ ሳነባት አፌ የሚለው "የናቴን" ነው፣ እ የምትባል ነገር የለችም፣ ስድስት ናት፣ ከመጀመሪያውም ደህና ነበረች። ፊደል ያታልላል። "የሰው" ሦስት ፊደል ነው ግን ሁለት ቀለም ነው፣ ሳድሷ አንዳንዴ ትቆጠራለች አንዳንዴ ትዋጣለች፣ ይሄን የሚያውቀው ጆሮ ነው። የቅኔ ተማሪዎችም እኮ ለዚህ ነው መሰለኝ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ የጎጃሞቹ ቅኔ ቤቶች፣ ቅኔ ሲቆጥሩ ከጉባኤው ተለይተው ዛፍ ሥር ወይ ገደል አፋፍ ሄደው ብቻቸውን የሚያጉረመርሙት፣ ከዛ መጥተው የኔታ ፊት ቅኔውን ይዘርፋሉ። እነሱ ገደል አላቸው፣ እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ ምን አለን? ስለዚህ እያንዳንዱን ቦታ ስመዝን መጀመሪያ የምጠይቀው "እዚህ ማጉረምረም ይቻላል ወይ?" ብዬ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ ነው።

ከቤት እንጀምር፣ ነፃ ስለሆነ። ሁሉም ሲተኛ ከሌሊቱ 4 ሰዓት መነሳት (ሰዓቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ እዚህ ስኖር ተበላሽቻለሁ)። በዲሴምበር መጨረሻ እዚህ ፀሐይ የምትወጣው 7:25 ገደማ ነው፣ ስለዚህ ጨለማው ረጅም ነው፣ ሦስት ሰዓት ያህል የራሳችሁ ሌሊት አላችሁ። ችግሩ ድምፅ ነው፣ የእንጨት ቤት ወረቀት ነው በሉት፣ ፎቁ ላይ የተነፈሰ ቤዝመንት ይሰማል። እኔ ያገኘሁት መላ ክሎዜት ውስጥ መግባት ነው። አትሳቁ፣ የተሰቀለ ልብስ ድምፅ ይውጣል፣ ኮቶቹና የሐበሻ ቀሚሶቹ መሃል ትንሽ ትራስ ላይ ተቀምጣችሁ በልኩ ብታወሩ ከመኝታ ቤቱ ውጪ አይሰማም። መብራቱ በበሩ ሥር እንዳይወጣ ፎጣ ወሽቁበት። አንድ ቀን ባለቤቴ ለሥራ ጃኬት ሊያወጣ በሩን ሲከፍት ጋቢ ለብሼ ጨለማ ውስጥ እያጉረመረምኩ አገኘኝና "በስመአብ!" ብሎ ወደኋላ ዘለለ፣ እስካሁን ለሰው ይናገርብኛል።

ይሄ አማራጭ የማይሠራው እንግዳችሁ ከአዲስ አበባ የመጣች እንደሆነ ነው። በዚህ ወቅት ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ ለናንተ ሌሊት 4 ሰዓት ለሷ ቀትር ነው፣ አማቴ የመጣች ዓመት ስነሳ እሷ ቀድማኝ ኪችን ነበረች፣ ቡና እየቆላች፣ "ጎሽ ተነሳሽልኝ፣ ብቻዬን ሆኜ ሊጨንቀኝ ነበር" አለችኝ። ምን ይባላል፣ ረከቦቱን አቀረብኩ።

ላይብረሪ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነው፣ እኔ ግን ለመጀመሪያ ድራፍት አልመክረውም። የሰፈር ላይብረሪ ካርድ ካላችሁ ስተዲ ሩም በኦንላይን በነፃ መያዝ ይቻላል፣ በሩ ይዘጋል፣ ግን ግድግዳው መስታወት ነው፣ አፋችሁ ሲንቀሳቀስ የሚያይ ሰው ስልክ እያወራች ነው ብሎ ያልፋል፣ ኤርፖድ ጆሮ ላይ ማድረግ ለዚህ ይጠቅማል። ዲሴምበር 25ና ጃንዋሪ 1 ዝግ ነው፣ በዋዜማዎቹም ቀደም ብሎ ሊዘጋ ስለሚችል ሰዓቱን አይታችሁ ውጡ። ዳውንታውን ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ላይብረሪ ታድሶ በ2020 ከተከፈተ ወዲህ ሰፊና ብርሃናም ሆኗል፣ ላዩ ላይ የጣሪያ አትክልት ቦታ ሁሉ አለው፣ በብርድ ግን እዛ ማን ይወጣል።

ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ለየት ይላል፣ እሱን አለማወቅ ነውር ነው የምለው። 16 ዓመት የሞላው ሰው መታወቂያ ይዞ ሄዶ የአንባቢ ካርድ በነፃ ያወጣል፣ ኮትና ቦርሳ ታስረክባላችሁ፣ ከዛ በ1897 በተከፈተው የጄፈርሰን ሕንፃ ውስጥ ያ ትልቁ ክብ ጉልላት ሥር ትቀመጣላችሁ። እዛው ሕንፃ ውስጥ የአፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍል አለ፣ የአማርኛ መጻሕፍት ያስመጡላችኋል፣ አዲስ አበባ ፒያሳ ብትዞሩ የማታገኙት የድሮ የግጥም መድበል ጠረጴዛችሁ ላይ ይመጣል። እሑድ ዝግ ነው፣ የፌደራል በዓልም እንደዛው። እኔ እዛ የምሄደው መጻፍ ሲያቅተኝ ለማንበብ ነው፣ አንድ ስንኝ እንኳን ጮክ ብዬ አላልኩም፣ ያ ጉልላት ሥር ሳል እንኳን ያሳፍራል። የጻፋችሁትን ለማረም፣ ለመገልበጥ፣ የትኛው ይጣል የትኛው ይቆይ ለማለት ግን ከሱ የተሻለ ቦታ የለም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፣ የሌሊት ሺፍት። እኔ አንድ አፓርትመንት ሕንፃ ፍሮንት ዴስክ ላይ ነው የምሠራው። ፈረንጆቹ ዲሴምበር 24 ማታ ቤታቸው መሆን ይፈልጋሉ፣ እኔ ጃንዋሪ 6 ማታ ቤተክርስቲያን ማደር እፈልጋለሁ፣ በቃ እንለዋወጣለን፣ ይሄ እዚህ ሀገር ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ንግድ ነው። ያን ሌሊት ሕንፃው ባዶ ነው፣ ግማሹ ነዋሪ ወላጆቹ ጋ ሄዷል፣ ሎቢው ውስጥ ትልቅ ዛፍ ተተክሎ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ፓኬጅ ተከምሯል፣ ከ2 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ውሻውን ሊያናፍስ የወጣ ሰው ካለፈ ብዙ ነው። እየተከፈላችሁ ብቻችሁን ናችሁ። ከቤት አንድም ሰው "የት ነሽ" አይልም፣ ሥራ ነቻ፣ ሥራ የማይጠየቅ ነገር ነው፣ እንደ ጸሎቱ ማለት ነው ግን ንስሐ የለውም።

እንከኑ ካሜራ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ረስቼው በእጄ እየመታሁ ቤት ስመታ፣ ማለት በእጄ ዴስኩን እየመታሁ ግጥሙን ቤት ሳስመታ፣ ጠዋት ማናጀሩ ፈራ ተባ እያለ "ሌሊት ከማን ጋር ነበር የምትጣይው?" አለኝ። አሁን የሎቢ ስልኩን አንስቼ ጆሮዬ ላይ ይዤ ነው የማነበው። ሌላው ገንዘቡ ነው፣ የበዓል ቀን የግድ የደሞዙ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ የፌደራል ሕጉ የግል ቀጣሪን በዛ አያስገድድም፣ ኮንትራታችሁን ወይ ዩኒየናችሁን ጠይቁ። ልውውጡንም ከታንክስጊቪንግ በፊት ጨርሱት፣ በቃል ሳይሆን በቴክስት ወይ በኢሜይል፣ ማናጀሩ እያወቀው። እኔ አንዴ በቃል ተለዋውጬ ጃንዋሪ 6 ሲደርስ ሰውየው "ምን ቃል ገባሁልሽ?" አለኝ፣ የገናን ቅዳሴ በስልክ ላይቭ እያየሁ ዴስክ ላይ አደርኩ፣ በዛ ሌሊት የጻፍኩት ግጥም ሁሉ እርግማን ነው የሚመስለው።

መኪና ከሺፍት ቀጥሎ ነው ለኔ፣ በአንዳንድ ነገር እንዲያውም ይበልጣል፣ ምክንያቱም መጮህ ይቻላል። ማጉረምረም ብቻ አይደለም፣ መጮህ፣ ማልቀስ፣ አንዱን ስንኝ ሃያ ጊዜ መደጋገም፣ መስኮት ከተዘጋ ማንም ግድ የለውም፣ መኪና ውስጥ ብቻውን የሚያወራ ሰው እዚህ ሀገር ጤነኛ ነው። "ወተት አልቋል፣ ልግዛ" ብላችሁ ወጥታችሁ አርባ ደቂቃ ማግኘት ይቻላል። ግን የት እንደምታቆሙ አስቡበት። የሐበሻ ሱቅ ፓርኪንግ በፍጹም፣ በበዓል ሰሞን ከተማው ሁሉ እዛ ነው፣ ገና አንድ ቃል ሳትጽፉ "እንዴ አንቺ ነሽ! ምን ትሠሪያለሽ ብቻሽን?" ብላ መስኮት የምታንኳኳ አትጠፋም፣ ማታውን ደሞ ወሬው ቤት ቀድሟችሁ ይደርሳል፣ ከባሏ ተጣልታ መኪና ውስጥ ነው የምትውለው ተብሎ። የካውንቲው ፓርኮች ቀን ቀን ደህና ናቸው፣ ስላይጎ ክሪክ ዳር እኔ ብዙ ጽፌያለሁ፣ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋሉ፣ በዚህ ወቅት ደሞ የምትጠልቀው ገና 5 ሰዓት ሳይሞላ ነው። አንዴ ረስቼ ጨለመብኝ፣ ጋቢ ተከናንቤ እያነበብኩ፣ ራሴን አስለቅሼ፣ ድንገት የእጅ ባትሪ ፊቴ ላይ በራ። ፖሊስ ነው። እጄን መሪው ላይ አደረግኩ። "ደህና ነሽ?" አለ። ግጥም እየጻፍኩ ነው አልኩት። ዝም ብሎ ጋቢዬን አየ፣ እንባዬን አየ፣ ደብተሬን አየ፣ ከዛ "ፓርኩ ተዘግቷል፣ ሌላ ቦታ ጨርሺው" ብሎኝ ሄደ። ልቤ እስኪመለስ ሞተር ማስነሳት አቃተኝ።

ሁለት ነገር በቁም ነገር ልበል። በረዶ ጥሎ ከሆነ ሞተር አስነስታችሁ ሂተር ከፍታችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ወርዳችሁ የጭስ ማውጫውን ጥረጉ፣ በበረዶ ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል። የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ መቀመጥማ በምንም ተዓምር። እኔ ጭራሽ ሞተር አጠፋለሁ፣ ጋቢና ፔርሙዝ ሻይ ካለ አርባ ደቂቃ ይኬዳል፣ ጋቢን ያህል ለዚህ የተሠራ ነገር አላየሁም፣ እጅ ብቻ ነው የሚበርደው፣ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ግዙ።

ከከተማ መውጣት የምትችሉ ዕድለኞች ሁለት መንገድ አላችሁ፣ ባሕር ወይ ተራራ። እኔ ባሕር ነኝ። ኦሽን ሲቲ ሦስት ሰዓት ገደማ መንዳት ነው፣ የቤይ ብሪጅን ተሻግራችሁ ሩት 50ን ይዛችሁ መጨረሻው ድረስ (መንገዱ በሌላ በኩል ካሊፎርኒያ ነው የሚያልቀው፣ ከከተማው ስትወጡ ሳክራሜንቶ 3073 ማይል የሚል ምልክት ቆሟል፣ እሱን ራሱ አንድ ግጥም አስወጥቶኛል)። በክረምት ሆቴሉ ከሰመሩ ዋጋ በጣም ይወርዳል፣ ምግብ ቤቱ ግን አብዛኛው ዝግ ነው፣ ደግነቱ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ሽሮና እንጀራ በኩለር ይዞ መሄድ ይበቃል። ባዶ ባሕር ዳር ላይ ማዕበሉ ስለሚጮህ እናንተም ብትጮሁ የሚሰማችሁ የለም። ጸጥታ የሚባል ነገር የለም እዛ፣ ብቻነት ግን የትም እንደሱ አላገኘሁም። አንድ ሌሊት ብቻ ሄጄ፣ ለባለቤቴ ልጆቹን ትቼ፣ ስድስት ወር ያስቸገረኝን መጨረሻ ስንኝ እዛ ነው ያገኘሁት። የተጨናነቀባችሁ፣ የቆመባችሁ ግጥም ካለ ለሱ ሂዱ፣ አዲስ ለመጀመር ግን ነፋሱ ወረቀት አያስይዝም።

ተራራው በወሬ የተሻለ ነው። ምዕራብ ሜሪላንድ ያለው ጋሬት ካውንቲ፣ ኒው ጀርመኒና ሄሪንግተን ማነር የሚባሉ የስቴት ፓርኮች ውስጥ የ1930ዎቹ የእንጨት ኬቢኖች ይከራያሉ፣ በዓመት ከ100 ኢንች በላይ በረዶ የሚጥልበት ሀገር ነው፣ አዲስ በረዶ ደሞ ድምፅ ስለሚውጥ ጸጥታው ሌላ ነው። ከዓመት በፊት ጀምሮ ቡክ ማድረግ ስለሚቻል የበዓሉ ሳምንት ቀድሞ ነው የሚያልቀው። ከጓደኛዬ ጋር ሄድን፣ እሷ ልብወለድ ትጽፋለች፣ አርባ ገጽ ጻፈች። እኔ ማቀዝቀዣው ሲነሳና ሲጠፋ እየቆጠርኩ አደርኩ። ያን ያህል ጸጥታ ሲሆን የራሴ ድምፅ ራሴን አስደነገጠኝ፣ ማጉረምረሙ አልመጣም። ምናልባት ጩኸት ውስጥ ስላደግኩ ነው፣ መርካቶ አጠገብ የተወለደ ሰው እንዴት በበረዶ ዝምታ ይገጥማል። የስድ ንባብ ጸሐፊ ከሆናችሁ ግን ሳታቅማሙ ተራራውን ያዙ፣ ጎማችሁን ብቻ አስፈትሹ። ሸናንዶዋን አስቤ ነበር፣ መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፣ ግን በክረምት የፓርኩ ሎጆች ይዘጋሉ፣ በረዶ ሲጥል 105 ማይሉ ስካይላይን ድራይቭም ይዘጋል፣ ለቀን ብቻ ነው የሚሆነው። ባቡርም የሚመክሩ አሉ፣ የአምትራክ ኳየት ካር (ጸጥታ የሚጠበቅበት ፉርጎ)፣ በበዓል ሳምንት ጢም ብሎ ይሞላል፣ ማጉረምረምም አይቻል፣ ተዉት።

ስለዚህ እኔ ብሆን፣ ምንም የሌለው ባዶ ገጽ ከሆነ ክሎዜት ወይ መኪና፣ ረጅም ሌሊት የሚፈልግ ከሆነ ሺፍት፣ ያለቀውን ለማረም ላይብረሪ፣ ለቆመው ባሕር። ዘንድሮ 24 ማታን ይዣለሁ፣ በኢሜይል፣ ማናጀሩ ኮፒ ተደርጎ።

ጡት የምታጠባ፣ መኪና የሌላት፣ ቤቷ ስምንት እንግዳ ያለባት እህቴ ደሞ አለች፣ እሷን አልረሳኋትም፣ እኔም እንደዛ ነበርኩ። ለሷ የሚሆነው የዕቃ ማጠቢያው ነው። ከምሳ በኋላ "ተዉት እኔ አጥባለሁ" ካልሽ የሚከራከርሽ የለም፣ ሁሉም ቡና ላይ ነው። ቧንቧውን ክፈቺ፣ ስልክሽን ቮይስ ሜሞ ላይ አድርገሽ ከመስኮቱ ጫፍ አቁሚው፣ ከውሃ ራቅ አድርገሽ፣ የኔ አንዴ የወጥ ድስት ውስጥ ገብቷል። ከዛ ጀርባሽን ለሳሎኑ ሰጥተሽ አጉረምርሚ። ውሃው እየፈሰሰ ማንም አይሰማሽም። ቡናቸውን ጨርሰው "ልርዳሽ ወይ?" ብላ አንዷ ስትመጣ ድስቱ ገና አልለቀቀም በያት።